ኪሎው አልወርድ ሲል መዝገቡን እንይ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባሎች የተደረገ ንግግር)




በዓመቱ ስብሰባችን ላይ ስለ ጤና ጥቂት ቃል እንድናገር ኮሚቴው ስለፈቀደልኝ ምስጋናዬን አስቀድማለሁ። የተሰጠኝ ርእስ «ውፍረት መቀነስ ጀምረው መንገድ ላይ ለቆመባቸው ሰዎች ምን ይበጃል?» የሚል ነው። ይህ ነገር ከእድር ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። እድራችን የተቋቋመው የሞተውን አባል በክብር ለመቅበርና የተረፈውን ቤተሰብ ለማጽናናት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን በመዝገባችን ላይ ስሙ የሰፈረው አባል ሁሉ ወርኃዊ መዋጮውን በገዛ እጁ እየከፈለ ብዙ ዘመን ቢቀመጥ የሚጠላ የለም። ገንዘብ ያዣችንም ቢሆኑ ይህንኑ ይመርጣሉ።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ቀደም ባለው ጊዜ ሰው ሲወፍር «አማረበት፤ ተመቸው» ይባል ነበር። ዛሬ ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረት የስኳር በሽታን፣ የደም ግፊትን፣ የልብ ሕመምንና የጉልበት ሕመምን እንደሚያመጣና እንደሚያባብስ በሚገባ ታውቋል። ስለዚህም ሐኪሞች ከመካከላችን ብዙዎቹን «ኪሎ ቀንሱ» ብለዋቸዋል። ብዙዎችም ሰምተው ጀምረዋል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደስ ያሰኛሉ፤ ቀበቶ ይላላል፤ ቀሚስ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀጥ ይላል። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ይቆያል፤ አንዲት ግራም ንቅንቅ አይልም። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

ተስፋ የቆረጠ ሰው ከሦስት መንገዶች አንዱን ይይዛል። አንዱ «የእኔ ሰውነት እንዲሁ ነው፤ ውሃም ቢሆን ያወፍረኛል» ብሎ ሁሉንም ይተወዋል፤ የቀነሰውንም መልሶ ይጨምራል። ሌላው ቁርሱንም ምሳውንም ይተውና ራሱን በረሃብ ይቀጣል፤ ደክሞት ይወድቃል። ሦስተኛው ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀ የማቅጠኛ ሻይና እንክብል ገዝቶ ይውጣል። ይህ ሦስተኛው መንገድ አደገኛ ነው። ሲቡትራሚን የተባለው የማቅጠኛ መድኃኒት ልብንና የአንጎል ደም ሥርን እንደሚጎዳ ስለታወቀ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓና በአሜሪካ ከገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ግን «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ በድብቅ ተቀላቅሎ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። እንግዲህ ኪሎው ቆመ ብሎ ልቡን የሚያስቆም ነገር የሚገዛ ሰው ምን ይባላል?

እኔ ዛሬ የማቀርበው አራተኛውን መንገድ ነው። ይህንንም መንገድ እድራችን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

ገንዘብ ያዣችን በወሩ መጨረሻ በሣጥን የተገኘው ገንዘብና በመዝገብ የተጻፈው አልገጥም ቢላቸው ምን ያደርጋሉ? «ሣጥኑ ገንዘብ ይበላል» አይሉም። ሣጥኑንም አይሰብሩትም። ቁጭ ብለው ደረሰኝ በደረሰኝ ያያሉ። ብዙውን ጊዜ የጠፋው ገንዘብ የተሰረቀ ሆኖ አይገኝም፤ ሳይጻፍ የቀረ ጥቃቅን ወጪ ነው። የጡሩምባ ነፊው አበል፣ የድንኳን ገመድ፣ የታክሲ፣ የሻማ። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን ሣጥኑን ያጎድላል። የሰውነታችንም ሒሳብ እንደዚሁ ነው። ኪሎ መቀነስ ሲቆም አስቀድሞ መመርመር ያለበት ሳይጻፍ የቀረው ምግብ ነው።

ለመሆኑ የምንመዘግበው ምንድን ነው? በምግብ ውስጥ ያለው ኃይል በካሎሪ ይለካል። እዚህ ካሎሪ የምለው በምግብ መጠቅለያ ላይ ኪሎ ካሎሪ ተብሎ የሚጻፈውን ነው። አትዋተር የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ባደረገው ምርምር እስከ ዛሬ የምንሠራበትን ልክ አስቀምጦልናል። አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል። አልኮል ደግሞ በግራም 7 ካሎሪ አለው። ውሃ ምንም የለውም፤ «ውሃም ያወፍረኛል» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይወድቃል። ከዚህ ውስጥ አንዱን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እርሱ 9 ይሁን፤ የቅባት ቁጥር ነው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ምርመራውን በተራ እንጀምር።

አንደኛ፤ ኪሎው በእውነት ቆሟልን? ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥቶ ሚዛን ላይ የወጣ ሰው ወዲያውኑ ግማሽ ኪሎ ጨምሮ ይታያል። ይህ ስብ አይደለም። ጨው የበዛበት ምግብ ውሃ ይይዛል፤ ሴቶች በወር አበባቸው ሰሞን ውሃ ይይዛሉ፤ ሆድ ድርቀትም ክብደት አለው። በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው ክብደት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ኪሎ፣ አንዳንዴም ሁለት ኪሎ ከፍና ዝቅ ይላል። እንግዲህ ሰኞ ጠዋት በጤና ጣቢያ፣ ዓርብ ከምሳ በኋላ መንገድ ዳር ባሉት ባለሚዛን ልጆች ዘንድ ተመዝኖ «ጨመርኩ» ማለት ሒሳብ አይባልም። ሚዛኑ አንድ ይሁን፤ ሰዓቱም ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ፣ ምግብ ከመቅመስ በፊት፣ በቀላል ልብስ ይሁን። የሰባቱን ቀን ደምራችሁ ለሰባት አካፍሉ። የዚህን ሳምንት አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አስተያዩ። በየቀኑ መመዘን ያልተመቸው በሳምንት አንድ ቀን፣ ያው ቀንና ያው ሰዓት ይመዘን። ሦስትና አራት ሳምንት ሙሉ አማካዩ ካልወረደ ያን ጊዜ «ቆመ» እንላለን። ከዚያ በፊት ግን አንቸኩል።

ሁለተኛ፤ የቀነሰ ሰውነት የሚፈልገው ምግብም ይቀንሳል። ይህን በሒሳብ እንየው። ለምሳሌ እንዲሆነን አንዲት እናት እናቁም። ከመካከላችን ያለች ሴት አይደለችም፤ ለሒሳቡ ብቻ ያቆምናት ናት። ዕድሜዋ 50፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 88 ኪሎ ነበር። የምግብ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በሚጠቀሙበት የሚፍሊንና የሴንት ጆር ቀመር ብናሰላው ሰውነቷ ተኝታ ብትውል እንኳ በቀን 1,470 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። ቀለል ያለ የቤት ሥራና እንቅስቃሴ ሲጨመርበት 2,060 ገደማ ይሆናል። በቀን 1,600 ካሎሪ በመብላቷ ወደ 460 ካሎሪ ጎድሏታል፤ ሰውነቷም ከተጠራቀመው ስብ እየመነዘረ ከፍሏል። በሰባት ወር ገደማ አሥር ኪሎ ቀንሳ 78 ደረሰች። አሁን ያው ቀመር ሲሰላ የምታቃጥለው 1,920 ያህል ነው። ቀድሞ ከነበረው 140 ካሎሪ ቀንሷል ማለት ነው።

ይህ ቅነሳ እውነተኛ ነው፤ የሷ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ልብ በሉ! 1,600 እየበላች ከሆነ አሁንም 320 ካሎሪ ይጎድላታል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ነው። ስለዚህ በወር አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ መቀነስ ነበረባት። ሁለት ወር ሙሉ ምንም ካልቀነሰች በየቀኑ 320 ካሎሪ ያህል ሳይመዘገብ ገብቷል ብለን የምንጠረጥርበት ምክንያት አለን። የሣጥኑ ጉድለት እዚህ ላይ ተገኘ።

«የለም፤ በጣም ስለቀነስኩ ሰውነቴ ያለውን ጨብጦ ያዘ እንጂ» የሚሉ አሉ። ሰውነት በረሃብ ጊዜ እንደሚቆጥብ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አንሰል ኪስ የተባለው ሊቅ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ያህል ይበሉት ከነበረው ግማሽ ያህሉን ብቻ እንዲበሉ አድርጎ መረመረ። የሰውነታቸው ፍጆታ በእጅጉ ቀንሷል፤ እግራቸው አብጧል፤ ስሜታቸውም ተረብሿል። ሆኖም ክብደታቸው ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል ወርዷል። ሰውነት ወጪውን ይቆጥባል እንጂ ከባዶ ስብ አይሠራም። የዚያ ጥናት ሌላው ትምህርት ደግሞ ራስን ማስራብ ሰውነትንም መንፈስንም የሚጎዳ መሆኑ ነው።

ሦስተኛ፤ ሳናውቀው የምናስቀረው ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ዮርክ የተደረገ አንድ ጥናት «በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን መቀነስ አቃተን» ያሉ አሥር ሰዎችን መረመረ። በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ ውሃ አጠጥተው፣ በሽንታቸው አማካይነት ሰውነታቸው በእርግጥ የሚያቃጥለውን ለኩ። የሰዎቹ ሰውነት ምንም ጉድለት አልተገኘበትም፤ እንደማንኛውም ሰው ያቃጥላል። የበሉት ግን በጽሑፍ ካስመዘገቡት እጅግ የበለጠ ነበር፤ በአማካይ 47 ከመቶው ሳይጻፍ ቀርቷል። የሠሩትንም እንቅስቃሴ በግማሽ ያህል አብልጠው ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች ውሸታሞች አልነበሩም። ዓይን ሲገምት ይሳሳታል፤ አእምሮ ጥቂቷን ቅምሻ ይረሳል። ሰው ሁሉ፣ ቀጭኑም ጭምር፣ እንዲህ ነው። ስለዚህ «ሆዳም ስለሆንሽ ነው» እያልን በሰው ላይ መሳለቅ ነውርም ነው፤ ትክክልም አይደለም። የሚያስፈልገው ሚዛንና ደብተር ነው።

እንግዲህ በእኛ ቤት ያልተጻፈው ወጪ የት የት ነው? አንድ በአንድ ልጥቀስ።

ከሁሉ የሚበልጠው ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። አንድ ሊትር ዘይት 8,300 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ቅቤም ሲነጠር ከዚህ አይርቅም። አንድ ድስት የምስር ወጥ እንሥራ። ግማሽ ኪሎ ምስር 1,750፤ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት 200፤ በርበሬው 150፤ ዘይቱ 200 ሚሊ ሊትር ቢሆን 1,650። በጠቅላላው 3,750 ነው። ለስድስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 625 ይደርሰዋል። ብዙ ሰው ደብተሩ ላይ «ምስር፣ አንድ ጭልፋ» ብሎ 200 ወይም 250 ይጽፋል። ዘይቱ የት ገባ? ቁሌቱ ውስጥ ሰምጦ ስለማይታይ አልተጻፈም። ያንኑ ወጥ በ100 ሚሊ ሊትር ዘይት ብንሠራው የአንድ ሰው ድርሻ ወደ 490 ይወርዳል። ምስሩ አልቀነሰም፤ ሆድም አልጎደለበትም።

ከዚህ ጋር የጾም ነገር ይነሳል። ጾም ለነፍስ ነው፤ የነፍሱን ነገር ለአባቶች እተወዋለሁ። በካሎሪ በኩል ግን «የጾም ምግብ ነውና ቀላል ነው» ማለት አይቻልም። ሥጋና ቅቤ ቀርቶ በዘይት የጠገበ ሽሮ፣ ተጠብሶ የወጣ ድንች፣ ቦምቦሊኖ ሲበላ ሒሳቡ ያው ነው፤ አንዳንዴም ይበልጣል። የረመዳን ጾም ለሚጾሙ አባሎቻችንም እንደዚሁ በፈጥር ሰዓት በዘይት የተጠበሰው ሳምቡሳና ቴምሩ ይቆጠራል። መቶ ግራም ደረቅ ቴምር 280 ካሎሪ ያህል አለው። ለውዝማ በመቶ ግራም 570 ነው፤ አንድ እፍኝ ብቻ 170 ይሆናል።

ሁለተኛው እንጀራ ነው። «ሁለት እንጀራ በላሁ» ስንል ምን ያህል ማለታችን ነው? የአንዱ ቤት ምጣድ ሰፊ ነው፤ የሌላው ጠባብ። የአንዱ እንጀራ ስስ ነው፤ የሌላው ወፍራም። እንጀራ ውሃ ስለሚበዛበት በዓይን አይገመትም። ቀላሉ ዘዴ ዱቄቱን መመዘን ነው። መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 360 ካሎሪ ያህል አለው። አምስት ኪሎ ዱቄት ተቦክቶ 40 እንጀራ ቢወጣው 18,000ን ለ40 እናካፍላለን፤ አንዱ እንጀራ 450 ካሎሪ ይሆናል። 50 ቢወጣው 360 ነው። ይህን አንድ ቀን ብቻ ሠርታችሁ በምጣዱ አጠገብ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ዓመት ሙሉ ያገለግላችኋል።

ሦስተኛው የሚጠጣው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ሲሞላ 20 ካሎሪ ይጠጋል። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ማንኪያ፣ በቀን አራት ብርጭቆ ብንል 240 ካሎሪ ነው። ቡናው እስከ በረካ ከነስኳሩ ሲጠጣ ይህም ይደመራል፤ ከቡናው ጋር የሚቆረጠመው ቆሎ፣ ፈንዲሻና ዳቦም አይረሳ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 130፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ወይም 150 ካሎሪ ያህል አለው። ጠላም ጠጅም ነፃ አይደሉም።

አራተኛው ቅምሻና ትራፊ ነው። ይህ በተለይ እናቶቻችንን የሚነካ ነው። ወጡ ጨው እንዳያንሰው አንድ ጊዜ፣ በርበሬው እንዲበስል ሌላ ጊዜ፣ ለልጁ እንዲበርድለት ሦስተኛ ጊዜ ትቀምሳለች። ልጁ የተወውን ፍትፍት «ምግብ አይደፋም» ብላ ትጨርሰዋለች። ከዚያ ገበታ ላይ ስትቀመጥ «እኔ ብዙም አልበላሁም» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ተቀምጣ አልበላችም። ቆማ ግን በልታለች። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የምትቀምሰውን በአንድ ትንሽ ስኒ አስቀምጣ በመጨረሻ ትመዝነው። ጉርሻም እንዲሁ ነው። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ ሲያጎርሷችሁ ተቀበሉ፤ ግን ጻፉት።

አምስተኛው የእሑድና የድግስ ቀን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን 400 እያጎደለ የቆየ ሰው 2,000 ካሎሪ አጠራቅሟል። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ማኅበር ሄዶ በየቀኑ ከሚያስፈልገው በላይ 1,000 ቢጨምር ሳምንቱ ዜሮ ነው። አምስት ቀን የደከመበት በሁለት ቀን ተመለሰ። ሰውየው ግን የሚያስታውሰው አምስቱን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ በሳምንት ይዘጋ እንጂ በቀን አይዘጋ።

ስድስተኛው እንቅስቃሴን አብልጦ መገመት ነው። 78 ኪሎ የምትመዝነው እናታችን አራት ኪሎ ሜትር ያህል ብትራመድ ተቀምጣ ከምታቃጥለው በላይ የምታወጣው ከ150 እስከ 200 ካሎሪ ነው። ለልብ፣ ለስኳር፣ ለእንቅልፍ እጅግ ጠቃሚ ነውና አይቅር። ነገር ግን «ዛሬ ተራምጃለሁ» ብሎ ሁለት ቦምቦሊኖና አንድ ለስላሳ የሚጨምር ሰው ካወጣው በላይ አስገባ።

እንግዲህ የእናታችን 320 ካሎሪ የት እንደገባ ተመልከቱ። ከገመተችው በላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት 240፤ ያልጻፈችው አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር 80። አለቀ፤ ጉድለቱ ተገኘ። ድግስ አላስፈለገውም፤ ሌሊት ተነሥታም አልበላችም። ሁለት ማንኪያ ዘይትና አራት ማንኪያ ስኳር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የምጠይቃችሁ ዕድሜ ልካችሁን እህል እየመዘናችሁ እንድትኖሩ አይደለም። ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሳትቀንሱ፣ የወትሮውን እየበላችሁ ጻፉ። ደብተሩ የሚመረምረው የወትሮውን ኑሮ ነውና ለደብተሩ ብላችሁ አትጹሙ። ጻፉ የምለውም በበላችሁበት ሰዓት ነው፤ ማታ ተኝታችሁ የምታስታውሱት ግማሹ የለም። ከቻላችሁ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ። ባዶ ድስታችሁን አንድ ጊዜ መዝናችሁ ክብደቱን ጻፉ፤ ወጡ ሲወጣ እንደገና መዝኑና የድስቱን ቀንሱ። የገባውን ሁሉ ደምራችሁ በወጡ ክብደት ስታካፍሉት የአንዱ ጭልፋ ሒሳብ ይወጣል። ዘይቱን ከጠርሙሱ አትንቆርቁሩ፤ በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ።

ከአንድ ገበታ አብረን የምንበላ ስለሆነ የእኔ ድርሻ አይታወቅም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ለሁለት ሳምንት ድርሻችሁን አስቀድማችሁ በሳህን አውጡና ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣችሁ ብሉ። ማዕዱ አንድ ነው፤ ሳህኑ ብቻ ተለየ።

ሚዛን መግዛት ላልቻለ ደግሞ የወር መዝገብ አለ። ከሱቅ የሚመጣው ዘይትና ስኳር ተለክቶ ነው የሚመጣው። አራት ሰው ያለበት ቤት በወር አንድ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ዘይት ቢጨርስ ለአንድ ሰው በቀን 345 ካሎሪ ደረሰው ማለት ነው። ሦስት ኪሎ ስኳር ቢጨርስ ደግሞ በቀን 100 ይሆናል። ጀሪካኑ የተከፈተበትን ቀን በላዩ ላይ ጻፉ፤ ያለቀበትንም ጻፉ። አንድ ቃል ሳትናገሩ ጀሪካኑ ይመሰክራል። በሚቀጥለው ወር ያው ጀሪካን 30 ቀን መሆኑ ቀርቶ 45 ቀን ቢቆይ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 115 ካሎሪ ተቀነሰ፤ ለጓዳውም ገንዘብ ተረፈ።

በሁለተኛው ሳምንት ከመዝገቡ ውስጥ ትልልቆቹን ሁለት ወይም ሦስት ወጪዎች ብቻ መርጣችሁ ቀንሱ። ጎመኑን፣ ቲማቲሙን፣ ባቄላውን፣ ምስሩን አትንኩ፤ የሚያጠግቡ እነርሱ ናቸው። ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ መጠጡን ንኩ። የመጣውን ለውጥ ለአራት ሳምንት ጠብቁ። በሳምንት ሩብ ኪሎም ቢወርድ ጥሩ ነው፤ በዓመት 13 ኪሎ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን?

ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ምግቡን አይቀንስ፤ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይህ ንግግር አይመለከታቸውም። ማንም ቢሆን ያለ ሐኪም ምክር በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች አይውረድ። መዝገቡ በትክክል ተይዞ፣ ሳይደበቅ ተጽፎ፣ ኪሎው አሁንም አልወርድ ካለ ያን ጊዜ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀዝቀዝ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ኪሎ ሊጨምሩ ይችላሉ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። እግር አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮ ኪሎ ከጨመረ የምግብ ሒሳብ ሳይሆን ውሃ ሊሆን ስለሚችል ፈጥናችሁ ታከሙ። ሳይሞክር በድንገት የሚከሳ ሰውም እንዲሁ ይመርመር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ደግሞም መቁጠሩ ጭንቀት ሆኖባችሁ ምግብ ሁሉ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ደብተሩን ዝጉት፤ ጤና እንዲሰጥ የታሰበው ነገር ሌላ ሕመም እንዳይሆን።

የመጨረሻው ቃሌ ለእድራችን ነው። ልቅሶ ቤት ስንቀመጥ የሚቀርበውን ምግብ የምናሰናዳው እኛው ነን፤ ድስቱም ጭልፋውም የእድሩ ነው። ሰው እንዲበላ ስንለምን ደግሞ «በሞቴ» እንላለን። ስኳር ያለበት ሰው «በቃኝ» ሲል «በሞቴ አንዲት ጭልፋ!» ብለን ሳህኑ ላይ እንደርብበታለን። እርሱም እንዳያስቀይም ይበላል። ሥራችን ሞት የሆነብን እኛ ይህን ቃል በቀላሉ ባንጠራው መልካም ነው። ስለዚህ ለኮሚቴው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በድንኳን ውስጥ «በቃኝ» ያለውን አባል ደግመን አንለምነው፤ ይህም እንደ አክብሮት ይቆጠር። ሁለተኛ፣ በእድሩ ድስት የሚሠራው ወጥ ዘይቱ በልክ እየተሰፈረ ይግባ፤ የሰፈረውም ሰው ይጻፈው። ለእድሩም ገንዘብ ይቆጥብለታል፤ ለአባሎቹም ዕድሜ ይጨምራል።

ደብተር መያዝ ለእኛ እድርተኞች አዲስ ነገር አይደለም። ለመቀበሪያችን የምናዋጣውን በጥንቃቄ የምንጽፍ ሰዎች ለመኖሪያችን የምንበላውንም ሁለት ሳምንት ብንጽፍ አይከብደንም። በሚመጣው ዓመት ስብሰባችን ላይ ሁላችንም ሳንጎድል፣ ቀበቷችን ግን ጥቂት ጎድሎ እንድንገናኝ ምኞቴ ነው።

በጤና ያቆየን።